ኮከር ወይስ ቦርደር ኮሊ? ለግቢያችሁ የሚሆነውን ውሻ እንዴት እንደምትመርጡ

ሁለቱም መካከለኛ ውሾች ናቸው። ኮከር ስፓኒየል ከ12 እስከ 15 ኪሎ፣ ቦርደር ኮሊ ከ14 እስከ 20 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሁለቱም ጠጉራሞች ናቸው፤ ቡችላ ሳሉ ደግሞ ዓይን ይገባሉ። ደሴ ላይ ሁለቱንም አሳድጌያለሁ፤ የመጀመሪያዋን በስህተት።

1. መልኩን ትታችሁ ሥራውን ጠይቁ

ቦርደር ኮሊ በእንግሊዝና በስኮትላንድ ድንበር አካባቢ በግ እንዲነዳ የተዳቀለ ነው፤ ስሙም የወጣው ከዚያው ከድንበሩ ነው። ኮከር የአዳኝ ውሻ ነበር፤ ቁጥቋጦ ውስጥ የተደበቀ ወፍ እያነፈነፈ ያስነሳል። ዛሬ በግ ባይኖራችሁም፣ አደን ባትወጡም ውሻው ይህን አያውቅም። ሌባ እንዲይዝላችሁ ከሆነ የምትፈልጉት፣ ኮከር ይጮህ ይሆናል እንጂ ሰውየውን ጭራውን እየቆላ ነው የሚቀበለው።

2. ሰዓታችሁን ቁጠሩ

ሰው ሁሉ የሚዋሸው እዚህ ላይ ነው፤ እኔም ዋሽቻለሁ። ቦርደር ኮሊ በቀን ቢያንስ 2 ሰዓት መሮጥና ጭንቅላቱን የሚያሠራ ነገር ይፈልጋል። ለኮከር 1 ሰዓት ገደማ ይበቃዋል።

ኮሊዋን ከአዲስ አበባ ያስመጣኋት ፎቶዋን ብቻ አይቼ ነው። ሆጤ አካባቢ የነበረው ግቢያችን የልብስ ማስጫ ገመድ ከተዘረጋበት ሌላ ቦታ አልነበረውም። ጠዋት 2 ሰዓት ወጥቼ ማታ 12 ሰዓት እመለሳለሁ። መጀመሪያ ጫማ በላች፣ ቀጥላ የጓሮውን ጎመን ነቀለች፣ ከዚያ የግቢውን ልጆች መንዳት ጀመረች፤ ተረከዛቸውን ነከስ እያደረገች ወደ አንድ ጥግ ትሰበስባቸዋለች። ልጆቹ እየሳቁ ጀምረው እያለቀሱ ይጨርሱታል።

ነገሩ የፈነዳው በአረፋ ዋዜማ ነው። ጎረቤቴ ሐጂ ሁለት በግ ገዝተው ግቢ ውስጥ አስረዋል። ማታ ስገባ ገመዱ ተበጥሷል፤ በጎቹ ከሽንት ቤቱ ግድግዳ ጋር ተጣብቀው ቆመዋል፤ እሷ ከፊታቸው በደረቷ ተኝታ ዓይኗን ሳትነቅል ታያቸዋለች። አንዱንም አልነካችም። ሐጂ ይቆጡኛል ብዬ አንገቴን ደፍቼ ስጠብቅ ትንሽ አይተዋት፣ «አብሽር ልጄ፣ ይቺ ውሻ ክፉ አይደለችም። ሥራ ፈታ ነው» አሉኝ። በሳምንቱ ቦሩ ሜዳ በግ ለሚያረባ ዘመዴ ሰጠኋት።

ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አድርጉ፦ ባዶ ገመድ ይዛችሁ ለሁለት ሳምንት ጠዋት 11 ሰዓት ተኩል ተነሡና ወደ ጦሳ ተራራ ግርጌ አንድ ሰዓት ሂዱ፤ ማታ ድገሙት። ሰው ይስቅባችኋል፤ ይሳቅ። ሁለቱን ሳምንት ሳትዘሉ ከጨረሳችሁ ኮሊን ማሰብ ትችላላችሁ። ማታ ማታውን ከዘለላችሁ ኮከር ይበቃችኋል። በአራተኛው ቀን ተኝታችሁ ከዋላችሁ ሁለቱንም ተዉ። «በሰንሰለት አስሬ አኖረዋለሁ» ለሚል ሰው ደግሞ የሀበሻ ውሻም አይገባውም።

3. ደሴ ናችሁ ወይስ ኮምቦልቻ?

በመኪና 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ነው፣ ኮምቦልቻ 1,850። የደሴ ብርድ ለሁለቱም ችግር የለውም። ኮምቦልቻ ላይ ግን የቀትር ፀሐይ አለ፤ ኮሊ እስኪወድቅ ድረስ ስለሚሮጥ ማስቆሙ የእናንተ ሥራ ነው። ንጋት ላይና አመሻሽ ላይ ብቻ አሯሩጡት። ኮከርን የሚፈትነው የደሴ ክረምት ነው። ጆሮው ረጅምና የተንጠለጠለ ስለሆነ እርጥበት ይይዝና ይመግላል። ጆሮውን ገልጣችሁ በየሳምንቱ አሽትቱት፤ ከሸተተ ሐኪም ጋ ውሰዱት። በክብሪት እንጨት ጥጥ ጠቅልሎ መጎርጎር የብዙዎች ልማድ ነው፤ ቆሻሻውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል።

4. ጎረቤት አማክሩ

እኛ ጋ ግቢ የራስ ብቻ አይደለም። በአንድ በር አንዱ ወደ መስጊድ፣ ሌላው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወጣል። የውሻ ምራቅ የነካው ልብስ ሳይታጠብ አይሰገድበትም። በኮከር የሚመጣው ጣጣ ከፍቅሩ ብዛት ነው፤ ሮጦ ሰው ላይ ይንጠላጠላል፣ ይልሳል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት «ተቀመጥ»ን አስተምሩት፤ ወደ በሩ የሚወስደውንም መንገድ በሽቦ ለዩት። ከኮሊዋ በኋላ ኮከር ሳመጣ ሽቦውን የዘረጋሁት ቡችላው ከመግባቱ በፊት ነው።

5. ቡችላውን ከነእናቱ እዩት

እናቱን አላሳይም የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ውጡ። 8 ሳምንት ያልሞላው አይገዛም። ማስመለስና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ካለ ፓርቮ የሚባለው ቡችላ የሚገድል በሽታ ሊሆን ይችላል፤ አዝናችሁ አትውሰዱት። ክትባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ይጀመርና 16 ሳምንት እስኪሞላው በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ ይደገማል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በ3 ወሩ ነው። ኮሊ ከወሰዳችሁ አይቨርሜክቲን የተባለውን የከብት መርፌ በራሳችሁ አታስወጉት፤ በኮሊ ዘሮች አንዳንዶቹ ላይ ነርቭ ይጎዳል።

6. ምግብ

የወጥ ትራፊ አይሆንም። ወጣችን ሽንኩርት ነው፤ ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። ሳንባና ጉበት ቀቅላችሁ ስጡ፣ ጥሬው የኮሶ ትል ዘመድ የሆነ የውሻ ትል ስለሚያስይዘው፤ የትሉ እንቁላል ከውሻው ወደ ልጆቻችሁ ይተላለፋል። የተቀቀለ አጥንት ተሰባብሮ አንጀት ይወጋል። በሁዳዴ የክርስቲያኑ ልኳንዳ ሲዘጋ የእስላሙ ክፍት ነው፤ በዚህ ደሴ ላይ ያለ ውሻ ዕድለኛ ነው።

7. የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች

ካርቶን፣ ውስጡ ያረጀ ሹራብ። ሦስት አራት ሌሊት ያለቅሳል፤ ጎረቤቶቻችሁን ቀድማችሁ ንገሯቸው። ጅብ በሚዞርበት ሰፈር ከሆናችሁ ደግሞ ካደገም በኋላ ሌሊት ቤት ውስጥ ይደር።