መልክዓ ምድር ለመሳል የት ይቆማሉ? ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደጅ ወጥቶ የሚስል ጀማሪ ሥዕሉ አልሆን ሲለው ቀለሙን ወይም እጁን ይወቅሳል። እኔ ግን በብዛት ያየሁት ጥፋት ብሩሽ ሳይነሳ፣ ሸራው የቆመበት ቦታ ላይ የተሠራ ነው።

ከፍ ያለውን ቦታ ሁሉ መምረጥ። እንጦጦ ወጥተው አዲስ አበባን ቁልቁል ሲያይዋት ልብ ይሞላል፤ ሸራ ላይ ግን ቤቱም ዛፉም መንገዱም እኩል ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል። ሁለት ሸራ የጨረስኩት በዚህ ነው። ከጫፉ ሃያ ሠላሳ እርምጃ ወደ ኋላ፣ ባሕር ዛፉ ውስጥ ይግቡ። ቅርፊታቸው ተልጦ የተንጠለጠለ ሁለት ግንዶች ከፊትዎ ይቆማሉ፤ ከተማዋ በመሃላቸው ሰማያዊ ጭጋግ ለብሳ ትታያለች። አሁን ቅርብና ሩቅ ተገኘ። ቁጭ ብለውም ይሞክሩት፦ አድማሱ ከዓይንዎ ጋር ዝቅ ይላል፣ ከፊት ያለው ሣር ደግሞ ከፍ ብሎ የሚረብሽዎትን ግማሹን ይሸፍንልዎታል።

ፀሐይን መርሳት። ፀሐይ በጀርባዎ ከሆነች ጥላው ከነገሩ ኋላ ይደበቃል፤ ተራራው ጠፍጣፋ ይመስላል። ከጎን ስትመታው ግን ሸንተረሩ አንድ በአንድ ይወጣል። እንጦጦ ላይ ወደ ደቡብ ሲያዩ ጠዋት በግራዎ፣ ከሰዓት በኋላ በቀኝዎ ናት። እኩለ ቀን ላይ በታኅሣሥ ከፊትዎ ትመጣለች፤ በሰኔ ደግሞ በሰሜን በኩል ስለምታልፍ ከኋላዎ ትሆናለች። በሁለት ሰዓት ውስጥ 30 ዲግሪ ትዞራለችና፣ ሥዕሉ ካላለቀ በማግስቱ በዚያው ሰዓት ይመለሱ።

ሸራውን ፀሐይ ላይ ማቆም። ፀሐይ ያረፈበት ቀለም ከልክ በላይ የደመቀ ስለሚመስል እያጠቆሩ ይቀባሉ፤ ቤት ሲገቡ ሥዕሉ ጨልሞ ያገኙታል። ሸራውም የቀለም መደባለቂያውም ጥላ ውስጥ ይሁኑ።

መሃል ላይ ቦታ መቀየር። አንድ እርምጃ ቢሄዱ የቅርቡ ዛፍ ከሩቁ ተራራ ላይ ይንሸራተታል። እግርዎ ባለበት ድንጋይ ያኑሩ።

መሬቱን አለማየት። ይህን አደራ እላለሁ። ሠዓሊ ሥዕሉን ለማየት ሳያስበው ወደ ኋላ ይሄዳል። እንደ ደብረ ሊባኖስ ባለ ገደል አፋፍ ላይ ከሆኑ ገደሉ ከፊትዎ፣ ከኋላዎ ደግሞ ደልዳላ ሜዳ ይኑር። የሰው ማሳ ከሆነ ባለቤቱን ሰላም ብለው ያስፈቅዱ። እዚያ የሚውል እረኛ ካለም ጭጋጉ ስንት ሰዓት እንደሚነሣ፣ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ያውቃልና ሸራውን ከመትከልዎ በፊት ይጠይቁት።