ስትሮክ የመታው ሰው ቤታችሁ ካለ ይቺን ያዙ

አባባን ስትሮክ ግራ ጎናቸውን ከመታቸው በኋላ የገባችኝን ነገር ልንገራችሁ። እኛ መጀመሪያ የደከመውን እጅ እየጎተትን ነበር ምናስነሳቸው፣ እሱን በጭራሽ እንዳታደርጉት ትከሻ ይጎዳል፣ ከቦታው ሁሉ ሊወጣ ይችላል። ፊዚዮቴራፒስቷ ያሳየችን እንዲህ ነው፣ ዱካ ላይ አታስቀምጡ በጣም ዝቅ ይላል፣ ጠንካራ ወንበር ላይ ጋቢ አጣጥፋችሁ ከፍ አድርጉ፣ እግራቸውን ከጉልበታቸው ትንሽ ወደ ኋላ ይሰብስቡ ከዛ አፍንጫቸው ከእግር ጣታቸው በላይ እስኪመጣ ጎንበስ ብለው ይነሱ፣ ሲቀመጡም ቀስ ነው እንጂ ዘጭ የለም። ቀላል ይመስላል ግን እርምጃ ከዚህ ነው ሚጀምረው፣ ጭንቅላት መልሶ ሚማረው በድግግሞሽ ነዋ። እኛ ከቡና ጋር አያያዝነው፣ አቦል ላይ 5 ጊዜ ቶና ላይ 5 በረካ ላይ 5፣ እህቴ ካልተነሱ ስኒ የለም ትላለች እሳቸውም እየተነጫነጩ ይነሳሉ። ካዞራቸው ግን ወዲያው ማስቀመጥ ነው፣ ግፊታቸውንም መለካት።

ሲራመዱ እናንተ በደከመው ጎን ቁሙ፣ ከዘራው ግን በደህናው እጅ ነው ሚያዘው (ሁሉም ሰው ይሄን ገልብጦ ነው ሚያውቀው)። ጎንደር ደግሞ ዳገቱም ደረጃውም አያልቅም፣ ደረጃ ሲወጡ ደህናው እግር ይቅደም ሲወርዱ የደከመው። ሸበጥ አታድርጉላቸው፣ ተረከዝ ሚይዝ ጫማ ይሁን፣ ክረምት ላይ ኮብልስቶኑ ስለሚያዳልጥ እኛ በረንዳ ላይ ብቻ ነው ምናለማምዳቸው።