ጥቁር መኪና ጭጋግ ሳይተው በማሽን እንዴት ፖሊሽ ይደረጋል?

አዲስ ፖሊሽ የተደረገ ጥቁር መኪና ጥላ ስር ሲታይ ያምራል። ፀሐይ ላይ ሲወጣ ግን አንዳንዱን ስስ ግራጫ ነገር ይጋርደዋል። ይህ ጭጋግ ቆሻሻ ስላልሆነ በውሃ አይለቅም። ማሽኑና ስፖንጁ ራሳቸው የጫሩት፣ አንድ በአንድ ለዓይን የማይለይ ደቃቅ ጭረት ነው።

ነጭና ብርማ መኪና ላይም ያው ጭረት ይኖራል። ቀለሙ ራሱ ብርሃን ስለሚመልስ ግን ይደበቃል። ጥቁር ቀለም የሚያርፍበትን ብርሃን አብዛኛውን ይውጠዋል፤ ስለዚህ ጭረቱ የሚበትናት ትንሽ ብርሃን ቁልጭ ብላ ትታያለች። ብዙ ሰው ጉልበቱን የሚጨርሰው ትልልቁን ጭረት በማስወገድ ነው። እኔን ብትጠይቁኝ፣ ጥቁር መኪና ላይ የጊዜያችሁን ግማሽ ለማጠናቀቂያው ዙር አስቀሩለት።

የምትይዙት ዕቃ

ለጀማሪ የሚሆነው ዱዋል አክሽን የሚባለው ማሽን ነው። ስፖንጁ እየተሽከረከረ ዙሪያውንም ስለሚዞር አንድ ቦታ ላይ ሙቀት አያከማችም። በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሽከረከረው ሮታሪ ጭረት ቶሎ ያስወግዳል፤ ግን ባልለመደ እጅ ቀለም ያቃጥላል። ጥቁር ላይ ደግሞ ፀሐይ ሲያርፍበት የሚታይ የክብ ክብ ምልክት ይተዋል።

ሁለት ዓይነት ፈሳሽ ያስፈልጋችኋል፦ ጭረት የሚያስወግደው ኮምፓውንድና ደቃቁ የማጠናቀቂያ ፖሊሽ። ማሽኑ ላይ የሚለጠፉ መካከለኛና ለስላሳ ፓዶችም (ስፖንጆች) ያዙ፤ ከየዓይነቱ ቢያንስ ሁለት፣ ለስላሳውን ቢቻል ሦስት። በፓዱ ቀለም አትመኑ። የአንዱ አምራች ብርቱካናማ መካከለኛ ሲሆን የሌላው ሌላ ነው። ማሸጊያው ላይ ያለውን አንብቡ። ንጹሕ የማይክሮፋይበር ጨርቆች፣ የወረቀት ፕላስተር፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ አይሶፕሮፒል አልኮልና ደህና የኤልኢዲ ባትሪ ከጨመራችሁ ይበቃል።

ከማሽኑ በፊት

መኪናውን በሻምፖ በደንብ እጠቡ። ከዚያ እጃችሁን በስስ ፕላስቲክ ከረጢት ሸፍናችሁ ቀለሙን ዳብሱት። ከሻከራችሁ የተጣበቀ ነገር አለ ማለት ነው፤ ክሌይ በሚባለው ሊጥ መሰል ማጽጃ፣ ቀለሙን እያረጠባችሁ አንሱት። ይህን መዝለል አደጋ አለው። ቀለሙ ላይ የቀረች አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ፓዱ ውስጥ ከገባች ከጭጋግ የባሰ ጭረት ትጭራለች። በተለይ በበጋ አቧራ የከረመ የአዲስ አበባ መኪና ሁለት ጊዜ ቢታጠብ አይበዛበትም።

ጎማና ፕላስቲክ ያለበትን፣ እንዲሁም የኮፈኑንና የፓራፋንጎውን ሹል ጠርዝ በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑ። ከቀለሙ በላይ ያለው ክሊር የሚባለው ብርሃን አሳላፊ ሽፋን በአብዛኛው መኪና ላይ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) ቢሆን ነው፤ ጠርዝ ላይ ደግሞ ይሳሳል። ክሊሩ ተልጦ ወይም በፀሐይ ተቃጥሎ ነጭ ነጭ ካለ ማሽኑን አታንሱ። እሱ የቀለም ቀቢ ሥራ ነው።

ሥራው ጥላ ውስጥ ይሁን። ብረቱም ይቀዝቅዝ። እጃችሁን ኮፈኑ ላይ ስታሳርፉ ሙቀት ከተሰማችሁ ጠብቁ፤ ፖሊሹ በጋለ ብረት ላይ ቶሎ ይደርቅና ራሱ ጭጋግ ይፈጥራል።

መሞከሪያ ቦታ

ኮፈኑ ላይ 50 በ50 ሴንቲሜትር የሚሆን ቦታ ለዩ። መጀመሪያ በጣም ለስላሳውን ፓድና ደቃቁን ፖሊሽ ሞክሩ። የሸረሪት ድር የመሰለው ጭረት በዚህ ከወጣ ኮምፓውንድ ጭራሽ አያስፈልጋችሁም። ካልወጣ ብቻ አንድ ደረጃ ጠንከር ወዳለው እለፉ። የሠራላችሁን እስክታገኙ ሌላው የመኪናው ክፍል አይነካ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፓዱን በጥቂት ፖሊሽ አልብሱት፤ ቀጥሎ አተር የሚያካክሉ ሦስት አራት ጠብታዎች አድርጉ። ማሽኑን በዝቅተኛ ፍጥነት ከፍታችሁ ፖሊሹን አዳርሱ። ባለ 6 ደረጃ ማሽን ከሆነ ከዚያ 4 ወይም 5 ላይ አድርጉት። እጃችሁ በሰከንድ ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር ብቻ ይሂድ። እያንዳንዱ መስመር ያለፈውን በግማሽ ይርገጥ። አንዴ ወደ ጎን አንዴ ወደ ታች እያላችሁ ከ4 እስከ 6 ጊዜ ሂዱበት።

ፓዱ የሚለጠፍበት ሳህን ጠርዝ ላይ በማርከር አንድ መስመር አስምሩ። ስትሠሩ መስመሯ ስትዞር መታየት አለባት። ከቆመች ወይ አብዝታችሁ ተጭናችኋል፣ ወይ ማሽኑን አዘንብላችኋል። ያን ጊዜ ፓዱ አይዞርም፤ አንድ ቦታ ላይ ይንቀጠቀጣል። ትንሿ መስመር ከብዙ ምክር ትበልጣለች።

ይህን ስፋት በጨረሳችሁ ቁጥር ፓዱን በብሩሽ አጽዱ። የተፋቀ ክሊርና ያረጀ ፖሊሽ ስፖንጁ ላይ ይጋገራል፤ ጥቁር መኪና ላይ ከማየው ጭጋግ ብዙው የሚመጣው ከዚህ ከተጋገረ ፓድ ነው። ፓዱ ከራሰ ወይም ከጋለ ቀይሩት። ክሊር የሌለው የድሮ ቀለም ከሆነ ፓዱ ይጠቁራል፤ አትደንግጡ።

የማጠናቀቂያው ዙር

ኮምፓውንድ የነካው ፓድ እዚህ አይገባም፤ ታጥቦም ቢሆን። አዲስ ወይም ለዚህ ብቻ የተለየ ለስላሳ ፓድ ያዙ። ፖሊሹን ቀንሱ፣ ፍጥነቱን 3 ወይም 4 ላይ አድርጉ። መጫን የለም፤ የማሽኑ ክብደት ይበቃል። የመጨረሻዎቹን ሁለት ዙሮች ማሽኑን በመጠኑ ደገፍ እያደረጋችሁ፣ በዝግታ ጨርሱ። አንዳንድ ፖሊሽ ቅንጣቱ እየደቀቀ የሚሄድ ነው። እሱን በግማሽ ካቋረጣችሁት ሻካራው ቅንጣት ሥራውን ሳይጨርስ ይቀርና ጭጋጉን ትቶላችሁ ይሄዳል።

እውነቱን ማየት

የፖሊሽ ቅባት ጭረት ውስጥ ገብቶ ይሸፍናል። ስለዚህ ሲያብረቀርቅ አትመኑት። ከ70 በመቶው አይሶፕሮፒል አልኮል አንድ እጅ፣ ከተጣራ ውሃ ሦስት እጅ ቀላቅላችሁ ርጩበትና በአዲስ ጨርቅ በቀስታ ጥረጉት። ባትሪውን ከጎን ዘንበል አድርጋችሁ አብሩበት። ቢቻል መኪናውን ፀሐይ ላይ አውጥታችሁ እዩት።

ግራጫ ነገር ከታያችሁ ምንነቱን ለዩ። በጣት ሲነካ የሚንሸራተትና ቦታ የሚቀይር ከሆነ የቀረ ቅባት ነው፤ እንደገና ጥረጉት። በጠረጋችሁበት አቅጣጫ የተሰለፈ ቀጥ ያለ መስመር ከሆነ ጥፋቱ የጨርቁ ነው። ወለል ላይ የወደቀ ጨርቅ ደግሞ ለጥቁር መኪና አይመለስም። በእኩል የተዳረሰ፣ አቅጣጫ የሌለው ድብዝዝታ ከሆነ ግን ጭጋጉ ራሱ ነው። ያኔ ፈሳሹን ለመለወጥ አትቸኩሉ። መጀመሪያ ፓዱን በንጹሕ ቀይሩ። ካልሠራ ይበልጥ የለሰለሰ ፓድ፤ ከዚያ ያነሰ ፍጥነት። ፖሊሹን መጨረሻ ላይ ቀይሩ። አንዳንድ ክሊር በጣም ለስላሳ ስለሆነ አንድ ፖሊሽ በአንዱ መኪና ላይ መስታወት አስመስሎ በሌላው ላይ ጭጋግ ይተዋል።

ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ቀለሙን የሚጠብቅ ዋክስ ወይም ሲላንት (ሰው ሠራሽ መከላከያ ቅብ) በእጅ፣ በስሱ ቀቡና ጥረጉ። ከዚያ በኋላ መኪናው ላይ አቧራ ሲያርፍ በደረቅ ጨርቅ አይጠረግ፤ መጀመሪያ ውሃ ይፍሰስበት። ላቫጆ የምትወስዱት ከሆነ የራሳችሁን ሁለት ማይክሮፋይበር ይዛችሁ ሂዱና ለልጆቹ ስጧቸው፤ አንዱ ለላይ፣ ሌላው ለታችና ለጎማው።