የታሰረ ቡሽ ወይስ ተንሸራታች? ወንዝ ዳር የምንሳሳታቸው ነገሮች

ድሬዳዋ ተቀምጦ ስለ ዓሣ ማጥመድ መጻፍ ያስቃል። የከተማችን ወንዝ ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። ውሃ ሲመጣበት ደግሞ ዘንግ ይዞ የሚጠጋው የለም፤ የ1998ቱን ጎርፍ ያየ ያውቀዋል። ስለዚህ የኛ ሰው ማጥመድ ሲያምረው ፊቱን ወደ አዋሽ ያዞራል። ያን ሁሉ መንገድ ሄዶ በቡሽ ምክንያት ባዶ እጅ መመለስ ግን ያናድዳል። እኔ ተመልሻለሁ፤ ያውም ከአንድ ጊዜ በላይ።

ቡሽ የምለው ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ዓሣው ሲነካ የሚጠልቀውን ነው። የታሰረው ክሩ ላይ በላስቲክ ተይዞ ከቦታው አይነቃነቅም። ተንሸራታቹ ግን ክሩ በቀለበቱ ውስጥ ያልፋል። ከፍ ብሎ ክሩ ላይ የታሰረ ትንሽ ቋጠሮ ያግደዋል። መንጠቆው ምን ያህል እንደሚጠልቅ የሚወስነው ያ ቋጠሮ ነው።

ትልቁ ስህተት ተንሸራታቹ “የባለሙያ” ነው ብሎ እሱን መግዛት ነው። እኔም እንደዛ ነው የጀመርኩት። ጥያቄው ግን አንድ ብቻ ነው፦ የውሃው ጥልቀት ከዘንጋችሁ ይረዝማል ወይስ ያጥራል? ዘንጋችሁ 3 ሜትር፣ ውሃው 1 ሜትር ተኩል ከሆነ የታሰረው ይበቃል፤ ሌላ ጣጣ አያስፈልግም። ውሃው 4 ሜትር ከሆነ ግን በታሰረ ቡሽ 4 ሜትር ክር አንጠልጥላችሁ መወርወር አለባችሁ። ቢሳካላችሁና ዓሣ ቢይዝ እንኳን ስትጠቀልሉ ቡሹ የዘንጉ ጫፍ ላይ ይገታል። ዓሣው ገና ውሃ ውስጥ ነው፤ እናንተ ወደኋላ ወደኋላ እየሄዳችሁ ትጎትታላችሁ። ተንሸራታች የተሠራው ለዚህ ነው። በበጋ እኔ የምቆምባቸው ቦታዎች አብዛኞቹ ከዘንጌ ያጠሩ ናቸው። ተንሸራታቹን የማወጣው አልፎ አልፎ ብቻ ነው።

ይሄ እንዳለ ሆኖ፣ ጥልቀቱን ሳይለኩ “በዓይን” የሚገምቱ ብዙ ናቸው። የደፈረሰ ውሃ በዓይን አይለካም። መንጠቆው ላይ ከበድ ያለ እርሳስ፣ ማለትም ክሩን ወደ ታች የሚያወርደውን የብረት ክብደት፣ አንጠልጥላችሁ ጣሉት። ቡሹ ሙሉ በሙሉ ከሰመጠ ውሃው ከገመታችሁት ይጠልቃል፤ ቡሹን ወይም ቋጠሮውን ከፍ አድርጉ። ውሃው ላይ ከተጋደመ ክሩ በዝቷል። ጫፉ ብቻ ብቅ ሲል አገኛችሁት። አምባዛ መሬት ለመሬት ስለሚለቅም ትሉ ታች መድረስ አለበት። ቆሮሶ ግን ከፍ ብሎም ይበላል፤ ለሱ መሬት ካልነካሁ ማለት አያስፈልግም።

ወደ ቋጠሮው እንምጣ። ብዙ ሰው የሚበላሽበት እዚህ ነው። ቋጠሮው የሚሠራው በሌላ ቁራጭ ክር ነው። ዋናው ክር ላይ 4 ወይም 5 ዙር ትጠመጥሙና በምራቅ አርሳችሁ ቀስ ብላችሁ ታጠብቁታላችሁ። ሳይረጥብ ከተጠበቀ ዋናውን ክር ይፍቀዋል። ከዚያ ሁለቱን ጫፎች 2 ሳንቲሜትር ያህል ተዉላቸው። “አያምርም” ብሎ ከሥሩ የሚቆርጥ አለ። አጭር ጉቶ ግትር ነው፤ በዘንጉ ቀለበት ሲያልፍ ይያዛል። ረጅሙ ጫፍ ተጣጥፎ ያልፋል።

በቋጠሮውና በቡሹ መሀል አንድ ትንሽ ዶቃ መግባት አለባት። ያለሷ ቋጠሮው በቡሹ ቀለበት ሾልኮ ያመልጣል፤ ቡሹም የሚያቆመው አያገኝም። መጀመሪያ ጊዜ ዶቃ ያገኘሁት መጋላ ሰፈር ከአንገት ጌጥ ሻጭ ነው።

“እህቴ፣ አንድ ዶቃ ብቻ ትሸጪልኛለሽ?”

“አቦ፣ አንድ ዶቃ ምን ያደርግልሃል?”

“ለዓሣ ነው።”

“ዓሣ አንገት አለው እንዴ?” አለችና በነጻ ሰጠችኝ። ቀዳዳዋ ሰፊ ስለነበረ ቋጠሮው በውስጧ አለፈ። የዶቃው ቀዳዳ ከቋጠሮው መጥበብ አለበት፤ ከቤት ሳትወጡ ሞክሩት።

ሌላው በቀላል እርሳስ ተንሸራታች መጠቀም ነው። ክሩን በቡሹ ቀለበት ጎትቶ የሚያወርደው እርሳሱ ነው። ከቀለለ ክሩ መሀል ላይ ይቆማል፤ ትላችሁም እዚያው ይንጠለጠላል። እኔ ከ4 ግራም በታች የሚሸከም ተንሸራታች አልይዝም። ልኩን ቤት ጓሮ በርሜል ውስጥ ነው የምሞክረው። ድሬ ውሃ የሚጠራቀምበት በርሜል የሌለበት ግቢ የት አለ? ቡሹን እጥልና ጫፉ ብቻ እስኪቀር እርሳስ እጨምራለሁ። ዋናው እርሳስ ከመንጠቆው ሁለት ስንዝር ከፍ ይላል። ከሱ በላይ ክንድ ያህል ርቆ ሌላ ትንሽ እርሳስ ይገባል። ስትወረውሩ ቡሹ እሱ ላይ ያርፋል፤ መንጠቆው ላይ ወርዶ አይጠላለፍም።

ወርውራችሁ ወዲያው ክሩ የሚጠቀለልበትን ማጠንጠኛ አትዝጉ። ክሩ ይፍሰስ፤ ቋጠሮው ቡሹ ጋ እስኪደርስ ጠብቁ። ቶሎ ከዘጋችሁ እርሳሱ ወደ እናንተ እየተወዛወዘ ይመጣል፤ ትሉም ካሰባችሁበት ቦታ ይርቃል።

የታሰረ ቡሽ ይዘው የሚሳሳቱም አሉ። ከታች በኩል ብቻ ያስሩታል። ለኩሬ ይሆናል፤ ወንዝ ላይ ግን ከላይም ከታችም በላስቲክ ያዙት። ያኔ ቡሹን በትንሹ ገታ ስታደርጉት ትሉ ከፊቱ ቀድሞ ይሄዳል፤ ከመሬትም ትንሽ ይነሳል። ዓሣው የሚነክሰው ብዙ ጊዜ በዚያች ቅጽበት ነው። ከታች ብቻ የታሰረውን ገታ ብታደርጉት ይሰምጣል፤ እናንተም ዓሣ መስሏችሁ ትስባላችሁ። ዘንጉንም ቀና አድርጉ። ውሃው ላይ የተኛውን ክር ወንዙ ከቡሹ አስቀድሞ ይወስደውና ቡሹን ይጎትተዋል።

በክረምት አዋሽ ቡናማ ሆኖ ግንድና ቅጠል ሲያመጣ የትኛውም ቡሽ አይሠራም። ቤት ይቀመጥ።

መንጠቆው ግንድ ላይ ተይዞ ከቀረ ደግሞ ሱሪ ሰብስቦ መግባት የለም። አዋሽ አዞ አለው። ክሩን ቁረጡት። የኔ ሁለት ቡሾች እስካሁን እዚያው ናቸው።