ቂሊንጦ ላይ ትንሽ የዳታ ሴንተር መሞከሪያ እንዴት ይሠራል?

የዳታ ሴንተር (ብዙ ኮምፒውተሮች አብረው የሚሠሩበት ማዕከል) ኤሌክትሪክ እንዴት እንደሚቆጥብ ለመሞከር፣ ስምንት ያገለገሉ ኮምፒውተሮችና አራት ስዊቾች (ኮምፒውተሮችን እርስ በርስ የሚያገናኙ መሣሪያዎች) ካገኛችሁ መጀመር ይቻላል። እኛ ከአዲስ አበባ ዳር፣ ቂሊንጦ አካባቢ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው የጀመርነው።

ከሁሉ በፊት የኃይል መለኪያ ግዙ። ለእያንዳንዱ ማሽንና ስዊች፣ በየሰከንዱ ዋት የሚመዘግብ። የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ራፕል የሚባል የራሳቸው ቆጣሪ አላቸው፣ ሊኑክስ ላይ በነጻ ይነበባል። ግን ፋኑና ፓወር ሰፕላዩ የሚበሉትን አያይም፤ ስለዚህ ሁለቱንም ያዙ።

መለኪያው የት እንደሚሰካ ልብ በሉ። እኛ መጀመሪያ ግድግዳው ላይ፣ ከዩፒኤሱ (መብራት ሲጠፋ ማሽኖቹን በባትሪ ከሚያቆየው መሣሪያ) በፊት ሰካነው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ዩፒኤሱ ባትሪውን መሙላት ይጀምራል፤ ማሽኖቹ ሥራ ሳይኖራቸው ቁጥሩ ሽቅብ ይወጣል። የአንድ ሳምንት ልፋት በዚህ ምክንያት ጣልን። መለኪያው ከዩፒኤሱና ከማሽኑ መሃል ይሁን። ለጠቅላላው ክፍል ደግሞ አንድ ሌላ ግድግዳው ላይ አድርጉ፤ ክፍሉ የበላውን ማሽኖቹና ስዊቾቹ ለበሉት ስታካፍሉት ፒዩኢ የሚባለውን፣ ክፍሉ ምን ያህል ኃይል እንደሚያባክን የሚያሳየውን ቁጥር ታገኛላችሁ። የሁሉም ሰዓት በኤንቲፒ (ሰዓትን በኔትወርክ በሚያስተካክለው ዘዴ) አንድ ይሁን።

ኔትወርኩ ቀላል ነው። አራት አራት ማሽን በአንድ ስዊች ሥር፣ ከላይ ሁለት ስዊች፣ የታችኞቹ ከሁለቱም ጋር ይገናኙ። እንዲህ ከሆነ ጭነት ሲቀንስ ከላይኞቹ አንዱን ማጥፋት ትችላላችሁ። ኦፕንፍሎው የሚባለውን የስዊች ማዘዣ ቋንቋ የሚቀበሉ ስዊቾች ምረጡ፣ የዳታውን መንገድ በሶፍትዌር ለመቀየር። ገንዘብ ካጠረ በሚኒኔት (ኔትወርክን በሚያስመስል ሶፍትዌር) ላፕቶፕ ላይ ተለማመዱ፤ ዋት ግን አያሳያችሁም።

አሁን አንድ ዓይነት ሥራ በሦስት መንገድ አሂዱ። አንዴ በስምንቱም በትኑት። አንዴ ጥቂቶቹ ላይ ሰብስባችሁ ሌሎቹን አጥፉ፣ ሲያስፈልጉ በዌክ ኦን ላን (በኔትወርክ በሚላክ የማንቂያ መልእክት) ይነሳሉ። በሦስተኛው፣ ብዙ ዳታ የሚለዋወጡትን ሥራዎች ለይታችሁ አንድ ስዊች ሥር አስቀምጡ።

ዋቱ ስለቀነሰ ብቻ ደስ አይበላችሁ። በ400 ዋት 10 ደቂቃ የፈጀ ሥራ 67 ዋት ሰዓት ገደማ ይበላል። ያው ሥራ ጥቂት ማሽን ላይ ተጨናንቆ፣ ኔትወርኩ ታንቆ፣ በ250 ዋት 20 ደቂቃ ከፈጀ 83 ይደርሳል! ኔትወርኩን ያላየ ቁጠባ ኪሳራ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ የመሞከሪያው ሙሉ ጥቅምም ይህን በዓይን ማሳየቱ ነው።

ስለ ማቀዝቀዣ፦ የሌሊቱ ብርድ ያግዛችኋል፣ ማጣሪያ ያለው መስኮት ብዙ ጊዜ ኤሲን ይተካል። ግን ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ፋኖቹ የበለጠ ይሽከረከራሉ። በበጋ ደግሞ የመንገዱ አቧራ ማጣሪያውን ቶሎ ይደፍነዋል፣ በየሳምንቱ አራግፉት። እያንዳንዱን ሙከራ ቢያንስ 5 ጊዜ ድገሙ፣ ቀንም ሌሊትም፤ የክፍሉን ሙቀት ከውጤቱ ጎን ጻፉ።