ቤዝ ጊታሩ ዝዝ ሲል ሞረዱን አስቀምጡት

ፒያሳ ባለችው ትንሽ ወርክሾፔ ቤዝ ጊታር በእጄ እሠራለሁ። ራሳቸው ሠርተው "ምን ሆኖብኝ ነው?" እያሉ የሚመጡም ብዙ ናቸው። የአብዛኞቹ ቅሬታ አንድ ነው፦ ዝዝ ይላል። በገና ላይ ቢሆን ያምራል፤ እንዝራ የሚባለው ቁራጭ ቆዳ ከክሩ ስር የሚገባው ለዚሁ ድምፅ ነው። ቤዝ ላይ ግን ኖታውን ይበላዋል።

ከነቱ አጠገብ ባሉት ፍሬቶች ላይ ዝዝ ካለ

ነት በአንገቱ ራስ በኩል ያለው፣ ክሮቹ በቦዮቹ የሚያልፉበት ቁራጭ ነው፤ ፍሬቶች ደግሞ አንገቱ ላይ በአግድም የተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች ናቸው። ሰው ወዲያው ፍሬት ሊሞርድ ይነሳል። እባካችሁ ቆዩ። የተሞረደ ፍሬት አይመለስም፤ ጥፋቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የአንገቱ ነው።

መጀመሪያ ክሮቹን ቃኙ። ወፍራሙን ክር የመጀመሪያውና የመጨረሻው ፍሬት ላይ ተጫኑና 8ኛው ፍሬት ላይ ጎንበስ ብላችሁ እዩ። በክሩና በፍሬቱ መካከል 0.3 ሚሊሜትር ገደማ ክፍተት መኖር አለበት። ቢዝነስ ካርድ ያህል ማለት ነው። ክፍተት ከሌለ አንገቱ ወደ ኋላ ሄዷል፤ ትረስ ሮዱን፣ ማለትም አንገቱ ውስጥ ያለውን የብረት ዘንግ፣ ወደ ግራ ሩብ ዙር አላሉት። ከበዛ ወደ ቀኝ አጥብቁት። በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር አትለፉ። እንደገና ቃኝታችሁ አሳድሩትና ጠዋት ለኩ። አራቱ ክሮች አንድ ላይ ከ70 ኪሎ በላይ ነው የሚስቡት፤ እንጨቱ እስኪለምደው ጊዜ ስጡት።

ሳትጫኑት ሲመታ ብቻ ዝዝ የሚል ክር ካለ የነቱ ቦይ ከመጠን በላይ ጠልቋል። ነቱን ቀይሩት።

ወደ ላይ ስትወጡ ቃናው ከተበላሸ

12ኛው ፍሬት ላይ ኖታው ከቀጠነ የብሪጁን ኮርቻ (ክሩ በአካሉ በኩል የሚያርፍበትን ብረት) ወደ ኋላ ሳቡ፤ ከወፈረ ወደ ፊት ግፉ። አንድ ፍሬት ብቻ ከተሳሳተ ግን ብሪጁ አያድናችሁም። ፍሬቱ የሚገባበት ቦይ ያለቦታው ተቆርጧል። የክሩ ርዝመት 864 ሚሊሜትር ከሆነ የመጀመሪያው ፍሬት ከነቱ 48.5፣ 12ኛው 432 ላይ ይውላል። ከፍሬት ወደ ፍሬት የሚለካ ሰው ትንሿን ስህተት ይደምራታል። ሁሉንም ከነቱ ለኩ። የተሳሳተውን ቦይ በቀጭን እንጨትና በኮላ ሙሉና እንደገና ቁረጡ።

እም… የሚል ድምፅ ካለ

ድምፁ ከመብራት የሚመጣ ነው፤ የመብራታችን ንዝረት 50 ኸርዝ (በሴኮንድ 50 ጊዜ) ነው። የወፍራሙ ክር 3ኛ ፍሬት 49 ነው፤ ስለዚህ እዚያ ኖታ አካባቢ ይደበቃል። የጃኩን (ገመዱ የሚሰካበትን) ብረት ስትነኩ ድምፁ ጠፍቶ፣ ክሩን ስትነኩ ግን ካልተለወጠ፣ ከብሪጁ ስር ያለው የግራውንድ ሽቦ ተበጥሷል፤ በይዱት። ክሩ ካነዘራችሁ ግን ወዲያው ንቀሉና ኤሌክትሪሺያን ጥሩ።

ጥር ላይ ፍሬቱ እጅ ከቧጨረ

ባለፈው በጋ አንድ ልጅ መዳፉ ላይ ቀይ መስመር ይዞ መጣ። አንገቱን የሠራው ሐምሌ ላይ፣ ዝናብ በጠጣ ጣውላ ነው። በጋ ሲገባ እንጨቱ በጎን ጠበበ፤ ብረቱ አልጠበበም። የፍሬቶቹ ጫፍ እንደ መጋዝ ጥርስ ወጥቶ ነበር። ከመሥራታችሁ በፊት ጣውላውን በየሳምንቱ መዝኑት፤ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ደርቋል። የልጁን ጊታር ግን መፍታት አላስፈለገም። ሞረዱን ያነሳነው ያን ጊዜ ነው፤ ጫፍ ጫፉን ብቻ፣ ወደ ታች በዝግታ።