ሁዳዴን በጤና ለመጾም፦ ስለ ማዕዱና ስለ አካል እንቅስቃሴው

ሁዳዴ ሲገባ ሥጋው፣ ወተቱ፣ ቅቤውና እንቁላሉ ይቆምና ሽሮው፣ ምስሩና ጎመኑ ማዕዱን ይረከባሉ። ብዙ ሰው በዚህ ወቅት ሰውነቱ በራሱ ጊዜ ጤናማ እንደሚሆን ይገምታል፤ ከ55 ቀን በኋላ ግን ክብደቱ ጨምሮ፣ ደረጃ ሲወጣም ትንፋሹ እያጠረ የሚያገኘው ጥቂት አይደለም። ጥፋቱ የጾሙ አይደለም። በቅቤው ምትክ ዘይት በገፍ ይገባል፣ ሆድ ባዶ ውሎ ሲያበቃ በፓስቲና ስኳር በበዛበት ሻይ ይሞላል፣ «ጾም ላይ ነኝ» በሚል ምክንያትም እንቅስቃሴው ሁሉ ይቆማል። ሦስቱንም ማስተካከል የሚቻለው ከገበያ አዲስ ነገር ሳይገዛ ነው።

ዝግጅቱ የሚጀምረው በቅበላ ሳምንት ነው። በዚያ ሳምንት ሥጋ ቤቶች ከአፍ እስከ ገደፋቸው ሞልተው ይሰነብታሉ፤ «ለ55 ቀን የሚሆነኝን ልብላ» ማለት ግን ለሆድ ጭንቀት ካልሆነ በስተቀር የሚጠቅመው ነገር የለም። ይልቅስ ጠዋት ቡና መጠጣት የለመደ ሰው በዚህ ሳምንት ስኒውን መቀነስና ሰዓቱን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መግፋት ይኖርበታል። በጾሙ የመጀመሪያ ቀናት ብዙዎችን የሚያስቸግረው ራስ ምታት በአብዛኛው የረኃብ ሳይሆን በድንገት የቀረ ቡና ውጤት በመሆኑ፣ ቀስ ብሎ የቀነሰ ሰው ሕመሙን በእጅጉ ያቀልለታል።

የጾም ወጥ ጤናማነት የሚወሰነው ገና ቁሌቱ ላይ ነው። ቀይ ሽንኩርቱን አድቅቆ በመክተፍ ያለ ዘይት በድስት ማቁላላት፣ መያዝ ሲጀምር ውኃ ጠብ እያደረጉ ማማሰል፣ ሽንኩርቱ ሟሙቶ ወደ ቡናማነት ሲያዘነብል ደግሞ በርበሬውን ጨምሮ ጥሬ ሽታው እስኪጠፋ ድረስ በትንሽ በትንሽ ውኃ ማብሰል ያስፈልጋል። ዘይቱ የሚገባው ከዚህ በኋላ ሲሆን፣ የሚገባውም ከጠርሙሱ በቀጥታ ተንቆርቁሮ ሳይሆን በሾርባ ማንኪያ ተለክቶ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ስለሚይዝ፣ ለአራት ሰው በሚሠራ ወጥ ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ማንኪያ ከበቂ በላይ ነው። ዘይቱ ከላይ ተንሳፎ ካልታየ ወጡ የባለሙያ አይደለም የሚለው አመለካከት ሥር የሰደደ መሆኑን አውቃለሁ፤ ይሁንና የወጥ ጣዕም የሚመጣው በትዕግሥት ከተቁላላ ሽንኩርትና በደንብ ከበሰለ በርበሬ መሆኑን ሞክሮ ያየ ሁሉ ይመሰክራል። የዘይቱ ዓይነትም ልዩነት አለው፦ በቀዝቃዛ ቀን የሚረጋው የፓልም ዘይት ልብንና የደም ሥርን የሚጎዳው ቅባት የሚበዛበት ስለሆነ፣ አቅም እስከፈቀደ ድረስ የሱፍ ወይም የኑግ ዘይት ቢመረጥ ይሻላል።

ጨው ሌላው ሳይታወቅ የሚበዛ ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ሲሆን፣ ይህም በርበሬው ወይም ሽሮው ሲዘጋጅ የገባውን ጨምሮ ነው። ስለዚህ ድስቱ ላይ ጨው ከመነስነስ በፊት መቅመስ ያስፈልጋል።

ሥጋና እንቁላል በሌሉበት ወቅት የገንቢ ምግብ ምንጫችን ጥራጥሬ ነው። በቀን ሁለት ዓይነት ጥራጥሬ፣ ለምሳሌ ምሳ ላይ ምስር፣ ማታ ደግሞ ሽሮ ወይም የሽምብራ አሹቅ ቢበላ፣ በእንጀራው ውስጥ የሚያንሰውን ንጥረ ነገር ጥራጥሬው ይሞላል። ባቄላውን በቆልት አድርጎ መቀቀል ለሆድ ከመቅለሉም በላይ በውስጡ ያለው ብረት በሰውነት በቀላሉ እንዲወሰድ ያግዛል፤ የጤፍ ሊጥ በእርሾ መቡካቱም የሚሠራው ይህንኑ ሥራ ነው። ተልባ በጾም ወቅት የማይገኘውን የዓሣ ቅባት በከፊል የሚተካ ጥሩ ቅባት አለው፤ ነገር ግን ፍሬው ሳይፈጭ ከተዋጠ እንዳለ ስለሚወጣ፣ ታምሶ ተወቅጦ በፍትፍት ወይም በውኃ ቢወሰድ ይመረጣል። ማዕዱ ላይ ቃሪያ፣ ቲማቲም ወይም የሎሚ ጭማቂ መኖሩም ለማጣፈጫ ብቻ አይደለም፤ በውስጣቸው ያለው ቫይታሚን ሲ የጤፉንና የምስሩን ብረት ሰውነት እንዲቀበለው ይረዳል። ቡናና ሻይ ግን በተቃራኒው ስለሚከለክሉት፣ ከምግቡ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቆይቶ መጠጣት ይገባል። ምግብ ተነሥቶ ረከቦቱ ወዲያው በሚቀርብበት ቤት ይህን ማስለመድ ከባድ ነው፤ በተለይ ነፍሰ ጡር ወይም ደም ማነስ ያለባት ሴት ባለችበት ቤት ግን ሊታለፍ አይገባውም።

ቫይታሚን ቢ 12 የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ብቻ ነው። ጤነኛ የሆነና በፍስክ ጊዜ ሥጋ፣ ወተት ወይም እንቁላል የሚያገኝ ሰው ጉበቱ ውስጥ የሚያጠራቅመው ክምችት ለ55 ቀን ያለ ችግር ይበቃዋል። ዓመቱን ሙሉ ከእነዚህ የሚርቅ ሰው ግን ሐኪም አማክሮ ማሟያ መውሰድ አለበት።

እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው መጀመሪያ አንድ ሁለት ብርጭቆ ውኃ ቀስ ብሎ ጠጥቶ፣ ብርቱካን ወይም ሙዝ ወይም ጥቂት በሶ ቀምሶ፣ ከዚያ ወደ ዋናው ምግብ ቢገባ ሆዱ አይጨነቅም። ለስላሳ መጠጥ ግን በዚህ ሰዓት ባይቀመስ ጥሩ ነው፤ በአንድ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ኮላ ውስጥ ስምንት የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር አለ።

ወደ እንቅስቃሴው እንለፍ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴና ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ ነው፤ ጾሙም ይህን አይከለክልም፣ ሰዓቱን ብቻ ይለውጣል። ውኃም ሳይቀመስ በሚዋልባቸው ሰዓታት ፀሐይ ላይ መሮጥ ስለማይመከር፣ ጠዋት ከፀሐይ በፊት የ30 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ማድረግ ይበቃል። መለኪያው ቀላል ነው፦ እየተራመዱ መነጋገር የሚቻል፣ መዘመር ግን የሚያቅት ከሆነ ፍጥነቱ ትክክል ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ፣ በተለይ ከቆላ የመጣ ሰው ትንፋሹ ቶሎ ቢያጥር ሊደነግጥ አይገባም፤ ፍጥነቱን ቀንሶ መቀጠል ነው። ጡንቻ የሚያጠነክረው ልምምድ፣ ማለትም ቁጢጥ ብሎ መነሣት፣ ፑሽ አፕ ወይም ደረጃ መውጣት፣ ምግብ ከተቀመሰ ከሁለት ሰዓት በኋላ ቢደረግ ይሻላል። ስግደት የአምልኮ ተግባር እንጂ ስፖርት አይደለም፤ ሆኖም ብዙ የሚሰግድ ሰው ጭኑና ወገቡ እንደሠሩ ስለሚያውቅ፣ በዚያ ቀን ሌላ ከባድ ልምምድ ባይጨምር አይከፋም።

የስኳር በሽታ ያለበት፣ በተለይም ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት፣ እንዲሁም መድኃኒት በሰዓት የሚወስድ በሽተኛ ጾሙን ከመጀመራቸው በፊት ሐኪማቸውንና የንስሐ አባታቸውን ማማከር አለባቸው፤ ቤተ ክርስቲያንም ለታመመ ሰው ጾሙን ታቀልላለች። በጾም ሰዓት እጅ ቢንቀጠቀጥ፣ ላብ ቢያጠምቅ ወይም አእምሮ ቢደናገር የደም ስኳር መውረዱን ሊያመለክት ስለሚችል፣ ሰዓት እስኪደርስ ሳይጠበቅ ወዲያው ስኳር ያለበት ነገር መቅመስ ግድ ነው።

የፋሲካ ሌሊት ከቅዳሴ መልስ በቀጥታ ዶሮ ወጥ ላይ መውደቅ የለመድነው ነው። በአንዳንድ ቤት አስቀድሞ ተልባ የሚጠጣው ሆድን ለማለስለስ ሲሆን፣ ይህ ልማድ ሊጠበቅ ይገባዋል። በመጀመሪያው ቀን አንድ እንቁላልና አንድ ብልት በቂ ነው፤ ክትፎውም ኮሶን ለመከላከል ለብለብ ሳይሆን በደንብ ቢበስል ይመረጣል። ቀጥሎ የሚመጣው በዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብም የማይጾምበት በመሆኑ፣ ሥጋና ቅቤ ያለ ዕረፍት የሚበላበት ወቅት ይሆናል፤ ስለዚህ በእነዚያ ሁለት ቀናት ጾም ስላለ ሳይሆን ለጤና ሲባል ሽሮውንና ጎመኑን እንደያዙ መቆየት፣ የጠዋቱን እርምጃም በዚያው ሰዓት መቀጠል ይቻላል።